«ዶክተር ሊሆን ይችላል»፦ አንድ የድሬ ክሊኒክ ሄደን ያየሁት

ስሙን አልጽፈውም። ወደ መጨረሻ የማማርርበት ነገር አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ አማለሁ። ድሬ ደግሞ የምታውቋት ናት፣ ማታ የጻፍከውን ጠዋት ሻይ ቤት ይጠይቁሃል። ሳቢያን ውስጥ ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ደጁ ላይ ኒም ዛፍ አለ። ያወቀ አወቀው። ያላወቀ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እነግረዋለሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ላስቀድም። ስድስት ኪሎ ፍልስፍና ተምሬ ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ወረቀት አስፈጻሚ፣ የሆንኩ ሰው ነኝ። ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። እኛ ሥራ ላይ «ሊሆን ይችላል» የሚባል ነገር የለም። ዲክላራሲዮን ላይ ዕቃው ወይ ይሄ ነው ወይ ያ ነው፣ ከተሳሳትክ ትቀጣለህ፣ አለቀ። እናም ይሄን ቃል ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ቁም ነገር ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ይሄ ክሊኒክ አስታወሰኝ። ግምገማዬም ከአልጋውና ከቀለሙ ይልቅ ስለዚህ ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ቆም እንዳለ፣ እናቴ ቅዳሜ ማታ «ብርድ ብርድ አለኝ» ብላ ጋቢ ለበሰች። በድሬ መስከረም ጋቢ የለበሰ ሰው ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ታሟል። ሌሊቱን አተኮሳት። ዓይኔን ከኋላ ይወጋኛል አለች፣ መገጣጠሚያዋን ይዛ ማቃሰት ሆነ። እሁድ ጠዋት ቅርባችን ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ደም ቀዱ፣ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀት ወጣ፣ «ታይፎይድም ታይፈስም አለባት» ተባልን። አንድ መርፌ ወጓት፣ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ አዘዙላት፣ ወጣን። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው፣ እውነት ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ስም ሲሰጠው ይረጋጋል። በሽታው «ነው» ከተባለ ግማሹ የዳነ ይመስላል።

መርፌው ለሁለት ሦስት ሰዓት አበረዳት። ማታ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ከነጓደኞቹ። ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ጠራሁና ወደ ሳቢያን።

ወረፋው ረጅም ነው፣ እሱን በኋላ። ገባን። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ መሆኑ ገና አፉን ሲከፍት ይታወቃል፣ እናቴን «እርስዎ» አላት። እኛ ድሬዎች ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አንተና አንቺ ነን። እናቴ ዞር ብላ «ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያርቀኝ?» አለችኝ፣ ጮክ ብላ፣ እሱ እየሰማ። ሳቀ። ግን አልተወም፣ እስከ መጨረሻው እርስዎ ነው።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ትኩሳቱ ድንገት ነው የመጣው ወይስ እያደር የጨመረ? ግቢ ውስጥ ሌላ የታመመ አለ? ከከተማ ወጥተው ነበር? ምን መድኃኒት ወሰዱ? ውሃ በምንድን ነው የምታጠራቅሙት? እዚህ ላይ እናቴ ተቆጣች። «ቤቴ ንጹሕ ነው!» አለች። «አውቃለሁ እናቴ» አለ፣ «እኔ የምፈልጋት ትንኝ ንጹሕ ውሃ ነው የምትወደው። በቀን ነው የምትነክሰው።» በርሜላችን ትዝ አለኝ። ቧንቧ በመጣ ቁጥር የምንሞላው፣ ክዳኑ ከተሰበረ ዓመት ያለፈው በርሜል።

ከዚያ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ አላት፣ አደረገች። ማጅራት ገትር እንዳይሆን ነው አለኝ፣ አንገት ግትር ሲል ያስጠረጥራል። ቀጥሎ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አስሮ ነፋውና እንደተነፋ አምስት ደቂቃ ተወው። እናቴ «ረሳኸኝ እንዴ አንተ ልጅ?» አለችው። አልረሳም። ፈታው፣ ትንሽ ጠበቀ፣ በእስክሪብቶ ክንዷ ላይ አንድ ኢንች በአንድ ኢንች የሚሆን ካሬ ሣለ፣ ውስጡ ያሉትን ቀያይ ነጠብጣቦች መቁጠር ጀመረ። እኔም ቆጠርኩ። እሱ 14 አለ፣ እኔ 13፣ እናቴ መነጽሯን ሳታደርግ «ሙቀት ያወጣው ሽፍታ ነው» አለች። 10 ከሞላ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ልፍስፍስ ብለዋል ማለት ነው፣ ለደንጊ፣ ያቺ ትንኝ ለምታስተላልፈው የትኩሳት በሽታ፣ ያስጠረጥራል፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም አለን። ምንም ማሽን የሌለበት፣ አምስት ደቂቃና ዓይን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ የማዘዣ ወረቀት ገልብጦ ጀርባው ላይ ሦስት መስመር ጻፈ። ወረቀቱ አሁንም ቤት አለ። «ሳይሆን አይቀርም፦ ደንጊ። ሊሆን ይችላል፦ ወባ፣ ቺኩንጉንያ። እንዳያመልጠን፦ ደም መፍሰስ፣ ማጅራት ገትር።» ይሄው ነው። ቺኩንጉንያም ትንኝ የምታመጣው፣ መገጣጠሚያ የሚይዝ በሽታ ነው። እናቴ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «እና ምንድን ነው የያዘኝ?» አለች። «እስካሁን አላውቅም እናቴ፣ ግን የሚሆነውን አውቃለሁ» አላት። ከክፍሉ ስንወጣ ስም አወጣችለት። ዶክተር ሊሆን ይችላል።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። አማርኛችን ለዚህ ነገር በጣም የታደለ ነው። «ነው» አለ። «ሳይሆን አይቀርም» አለ፣ ሁለት ጊዜ ክዶ የሚያምን። «ይሆናል» አለ። «ሊሆን ይችላል» አለ። «አይመስለኝም» አለ። ሁሉም የየራሱ ክብደት አለው፣ ግን አንድ ላይ አደባልቀን ነው የምንጠቀመው። ሐኪም ሲያደባልቃቸው ሰው ይጎዳል። እዚህ ክሊኒክ ያየሁት ሰው ለየብቻ በየመስመራቸው ጻፋቸው። እነሱ ይሄን ዝርዝር ዲፈረንሻል ይሉታል።

ላብራቶሪ በር ላይ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ አባት በስልክ በዓረብኛ ያወራሉ፣ «ሙምኪን፣ ሙምኪን» ይላሉ። ይቻላል፣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኢብን ሲና ትዝ አለኝ። በፈረንጆቹ ከ980 እስከ 1037 የኖረ፣ ሐኪምም ፈላስፋም የነበረ ሰው ነው። እሱ ያለውን ነገር ሁሉ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ዋጂብ፣ አለመኖር የማይችለው፣ እሱም ፈጣሪ ነው። ሌላው ሁሉ ሙምኪን፣ ቢኖርም ባይኖርም የሚሆን፣ ለመኖር ምክንያት የሚፈልግ። ግን ልብ በሉ፣ ሙምኪን የሆነው ነገር ምክንያቱ ከተሟላ በኋላ መሆኑ ግድ ይሆናል። ትምህርት ቤት ይሄን ለፈተና ሸምድጄ ወጣሁ። ላብራቶሪ በር ላይ ገባኝ።

የእናቴን ነገር እንውሰድ። ትንኟ ነክሳለች ወይም አልነከሰችም። ደሟ ውስጥ ያለው ነገር ገብቷል፣ ምክንያቱ ተሟልቷል፣ ያ ነገር አሁን «ሊሆን ይችላል» አይደለም፣ ወይ አለ ወይ የለም። «ሊሆን ይችላል» ያለው ደሟ ውስጥ ሳይሆን ዶክተሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የእሱ የእውቀት ወሰን ነው። እሷ ስትታመም እሱ የሚያየው ከውጭ ነው፣ ትኩሳት፣ ነጠብጣብ፣ ቁጥር። ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጥራል።

ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ደም መፍሰስ ግን ሌላ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደም ሊፈሳት ይችላል ሲል ገና ያልሆነ ነገር ነው። ደሟን ዛሬ ሙሉ በሙሉ ብናውቀው እንኳ ነገ ምን እንደሚሆን ገና አልተቆረጠም። አርስቶትል ነገ የባሕር ጦርነት ይኖራል ወይስ አይኖርም ብሎ የተጨነቀበት ነገር ነው። ያለፈውን አለማወቅና የሚመጣው ክፍት መሆኑ አንድ አይደሉም፣ አማርኛው ግን ለሁለቱም «ይችላል» ነው የሚለው። ለመጀመሪያው ምርመራ ይታዘዛል። ለሁለተኛው የሚታዘዝ ምርመራ የለም፣ ነገ ተመለሱ ይባላል። ያኛው ክሊኒክ «ነገ ተመለሱ» አላለንም። «ነው» ካልክ ለምን ትላለህ?

አሁን ወደ መርፌው ልመለስ። ለዶክተሩ የእሁዱን ወረቀት ሰጠሁት። መርፌው ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ነበር። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፣ ግን ያኛውን ክሊኒክ አላማም፣ እኔ ነኝ የማማው። ደንጊ ከሆነ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን የመድማቱን ነገር ያብሳሉ፣ ነገሩ እስኪለይ ፓራሲታሞል ብቻ አለ። ይሄ ነው የደነቀኝ። ደንጊ መሆኑ ገና አልታወቀም። ግን መሆን መቻሉ ብቻውን መርፌውን አስቆመው። ያልተረጋገጠ ነገር ሰው ላይ ሥልጣን አለው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ካልተረጋገጠ ምንም አይደለም ብለን ነው የምንኖረው።

የታይፎይዱን ወረቀት ደግሞ አየና ወደ ጎን አደረገው። ጠየቅኩት። ምርመራው ቪዳል ይባላል፣ በፈረንጆቹ በ1896 ለዓለም የተዋወቀ፣ በፈረንሳዊው ሐኪም ስም የተጠራ። የሚፈልገው ጀርሟን አይደለም፣ ሰውነታችን ለጀርሟ የሠራውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከድሮ ሕመም ሊቀር ይችላል፣ ከክትባትም፣ በሌላ በሽታም ወባን ጨምሮ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ እኛ አገር ግማሽ ቀን ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ ብትመረምር ፖዘቲቭ የሚል አታጣም። «ወረቀቱ ታይፎይድ አለ አይልም፣ የለምም አይልም» አለኝ። የታይፎይድ ትኩሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ እያደር ነው የሚወጣው፣ የእሷ በአንድ ሌሊት ፈነዳ። ሲፕሮውን አቁሚ አላት። ይቅርታ፣ ያቁሙ።

ይሄን ነገር በቁጥር ያስቀመጠው ሐኪም አይደለም፣ ቶማስ ቤይዝ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው፣ ጽሑፉም የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በፈረንጆቹ በ1763 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ምን ያህል እንደምታምነው ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረህ ግምት ላይ ይወሰናል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ሌሊት ደጅህ ላይ ኮቴ ሰምተህ «ጅብ ነው» ብትል ማንም አይስቅብህም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነህ ብትል ይስቁብሃል። ኮቴው ያው ኮቴ ነው።

ድሬ ደግሞ ግምቷን የምትቀያይር ከተማ ናት። ደንጊ እዚህ መኖሩን ያወቅነው በ2006 መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲታመም ነው። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ መጣ፣ ያኔ ከተማው በሙሉ እያነከሰ ሲሄድ ታስታውሳላችሁ፣ በአሥር ሺዎች ነው የያዘው፣ የእኔ ጉልበት እስከ ገና ድረስ ደረጃ አያስወጣኝም ነበር። በ2014 ደግሞ በበጋ፣ በደረቁ ወር፣ ወባ ተነሳ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሳይቀር ገባ። በበጋ፣ በከተማ መሃል፣ ወባ ማን ይጠረጥራል? ኋላ ሲጠና አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ተገኘች፣ ረግረግ የማትፈልግ፣ በርሜልና ታንከር የሚበቃት። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው ጎረቤታችን ጂቡቲ ነው፣ በ2012 በፈረንጆቹ። እንግዲህ አንዲት ትንኝ ገብታ የሐኪሞቹን ዝርዝር ቀየረችው። ትናንት «አይሆንም» የነበረው ዛሬ ሁለተኛ መስመር ላይ ተጻፈ። ለዚህ ነው ለእናቴም ወባ ሦስት ቀን ተከታትሎ የታየላት። መጀመሪያ ኔጋቲቭ ሲመጣ እኔ «ስለዚህ ወባ አይደለም» አልኩ። «ዛሬ አልታየም» አለኝ። ምን ያህል ልዩነት እንዳለው ያኔ አልገባኝም ነበር።

በሉ ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን እንየው፣ አለዚያ የወዳጅ ማስታወቂያ ይመስላል። «ሊሆን ይችላል» ለዘራፊም ይመቻል። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ራሱን አመመው ብሎ አንድ ቦታ ሄዶ «ይሄም ሊሆን ይችላል፣ ያም ሊሆን ይችላል» እየተባለ ስድስት ዓይነት ምርመራ አዝዘውለት፣ መጨረሻ ላይ መነጽር ነው ያስፈለገው። በሐሳብ ደረጃማ ሁሉም ሊሆን ይችላል። ሎጂክ ክፍል ውስጥ ከተቃረነ በቀር ሁሉ ነገር ይቻላል፣ ላም መብረር ትችላለች። ሕክምና ላይ ግን «ይችላል» ለመባል ከዚህች ሴትዮ፣ ከዚህ ሰፈር፣ ከዚህ ወር ጋር የሚያያዝ ምክንያት ይፈልጋል። ይሄኛው ዶክተር ያልጻፋቸውም ነገሮች አሉ። ጠየቅኩት፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን አንድ አስፈሪ ስም ጠራሁለት። «እሱም አይደለም አልልም፣ ግን እሱን ለመፈለግ ምክንያት የለኝም» አለ። ያስከፈለንም የሲቢሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ)፣ የወባና የካርድ ብቻ ነው። ካርድ 200 ብር፣ ከነላብራቶሪው መጀመሪያ ቀን 700 አልሞላም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ። ፕላትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው፣ ሰኞ 132 ሺህ ነበር፣ ጤነኛው ከ150 ሺህ በላይ ነው። ማክሰኞ 91። ረቡዕ ትኩሳቱ ጠፋ። እናቴ ተነስታ ራሷን አስራ ወጥ ልትሠራ ጀመረች፣ እኔም ስልክ ደውዬ «ዳነች» ልለው ነበር። ቀደመኝ። «ትኩሳቱ ሲወርድ ነው የምንጠነቀቀው፣ ዛሬ ይምጡ» አለ። ሆዷን አጥብቆ ከቆረጣት፣ ማስመለሱ ካልቆመ፣ ድድ ወይ አፍንጫ ከደማ፣ ድንዝዝ ካለች፣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ያንን ሁሉ ለእናቴ በቀጥታ ነው የነገራት፣ ለእኔ በሹክሹክታ አይደለም። ረቡዕ 78 ሆነ። ያን ሌሊት አልተኛሁም፣ በየሰዓቱ ሄጄ ድዷን በስልክ መብራት ሳይ «ጥርሴን ልትሸጠው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ሐሙስ 96፣ ቅዳሜ 140። አለቀ።

የደንጊው ምርመራ ራሱ እነሱ ጋ የለም፣ ማክሰኞ ሌላ ላብራቶሪ ልከውን ነበር። ኔጋቲቭ ነው የመጣው። እኔ ደንግጬ ወሰድኩለት፣ ስድስት ቀን ሙሉ ስለ ደንጊ ሲነግረን ለነበረው ሰው። አየው፣ «ይሄ ምርመራ በሽታው እያለም ይስታል» አለ፣ «ድንገት መጀመሩ፣ የዓይን ሕመሙ፣ ነጠብጣቡ፣ የፕላትሌቱ መውረድና መውጣት አንድ ላይ ሲሆን አሁንም ደንጊ ሳይሆን አይቀርም።» ሳይሆን አይቀርም! ከዳነችም በኋላ። ካርዷ ላይም «የተጠረጠረ» ብሎ ነው የዘጋው፣ «የተረጋገጠ» አላለም። በዚህ እናቴ አሁንም አልረካችም። ጎረቤት መጥቶ ምን ነበር የያዘሽ ሲላት «የያዘኝማ ይዞኝ ነበር፣ ስሙን ጠይቁት እሱን» ትላለች፣ እጇን ወደ ሳቢያን አቅጣጫ እያወራጨች። እኔ ግን ረክቻለሁ። ያልሆነ ስም ይዞ ከመዳን ይሄ ይሻለኛል። እሷ ደግሞ የታመመችው እሷ ናት፣ አልከራከራትም።

አሁን ስሞታዬ። ወረፋው ያበሳጫል፣ ሰኞ አንድ ሰዓት ከአርባ ጠበቅን፣ አንድ ሰው ላይ ይሄን ያህል ስለሚቆይ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ትኩሳት ያለበትን ሰው ቢያስቀድሙ ምን ነበረበት? ላብራቶሪው ለምሳ ሲዘጋ እንደ ድሬ ነው የሚዘጋው፣ ሙቀቱ እስኪበርድ፣ ስለዚህ ከረፋድ በኋላ የሄደ ውጤቱን ማታ ነው የሚያየው። ማራገቢያው ሁለት ነው፣ አንዱ ይጮኻል እንጂ አያራግብም። የመጠጥ ውሃ ማሽኑ በሄድንባቸው አምስት ቀኖች አንድ ቀን ብቻ ውሃ ነበረው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የበሽተኛውን ስም ከነሕመሙ ነው የምትጣራው፣ «የሽንት ምርመራ ያለው!» ብላ ስትጮህ ሰውዬው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብሎ ሲነሳ አይቻለሁ። ይሄ ይስተካከል፣ አቦ።

ሌላው ዶክተሩ በሌለ ቀን ያለውን ሐኪም አላውቀውም፣ ስለ እሱ አልፈርምም። የእኛው ዶክተር ማክሰኞና ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው ያለው፣ ሌላውን ቀን ሙሉ።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የያዝኩት ለውሃው ማሽንና ለልጅቷ ድምፅ ነው። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፣ ይጠይቃችኋል፣ ትኩሳቱ የጀመረበትንም ቀን አስቡና ግቡ። በርሜላችሁን ደግሞ ክደኑት፣ እኛ አዲስ ክዳን ታይዋን ገበያ ገዝተናል። ሰኞ ጠዋት ግን አትሂዱ፣ ሰኞ ግማሹ ድሬ እዚያ ነው።